የተመራቂው ስም ሲጠራ የአባቱም ስም ይጠራል

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የምረቃ በዓል ላይ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ ወደ መድረክ የሚወጡት ተመራቂዎች ጥቂት ናቸው። ከየትምህርት ክፍሉ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት፣ ከሴቶች አንደኛ የወጡት፣ የዋንጫና የሜዳሊያ ተሸላሚዎቹ ይጠራሉ። የሦስተኛ ዲግሪ ተመራቂዎች ካሉም ብዙውን ጊዜ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የተቀሩት በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ግን የኮሌጃቸው ስም ሲጠራ ባሉበት በጅምላ ይነሣሉ፤ ዲኑ ለዲግሪው ብቁ መሆናቸውን ለፕሬዚዳንቱ ያሳውቃል፤ ፕሬዚዳንቱ በተሰጣቸው ሥልጣን ዲግሪውን መስጠታቸውን ያውጃሉ፤ የቆቡ ክር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሁሉም ይቀመጣሉ። ለአራትና ለአምስት ዓመት፣ ለሕክምና ተማሪ ደግሞ ከዚያም በላይ ሲጠበቅ የኖረው ቅጽበት በዚህ ያበቃል። ከሜዳው ማዶ ከማለዳ ጀምሮ የተቀመጠችው እናት ከዚያ ሁሉ ጥቁር ጋዋን መካከል ልጇ የትኛው እንደሆነ ሳትለይ ታጨበጭባለች።

ይህ ሊለወጥ ይገባል እላለሁ። የምረቃ በዓል የተመራቂውን ያህል የቤተሰቡ በዓል ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚዘጋጀው ግን ለባለሥልጣን፣ ለካሜራና ለተቋሙ ገጽታ በሚመች መልኩ ሲሆን፣ በዓሉን እውን ያደረገው ቤተሰብ ከዳር ቆሞ የሚመለከት ሆኗል። ዩኒቨርሲቲዎች ሥነ ሥርዓቱን ቤተሰብን ባለቤት አድርገው እንደገና ሊያዋቅሩት ይገባል፤ ከሁሉ አስቀድሞም የእያንዳንዱ ተመራቂ ስም ሊጠራ ይገባል።

ስለ ስሙ አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። እኛ ዘንድ የአንድ ሰው ሙሉ ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። ልጅቷ ስትጠራ አባቷም ይጠራሉ፤ የአባቷ አባትም ይጠራሉ። ፊደል ሳይቆጥሩ ያረጁ ገበሬ ስማቸው፣ የሟች አባታቸውም ስም፣ በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ በድምፅ ማጉያ ሲነበብ መስማት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የቤተሰብ ስም ለትውልድ በሚተላለፍበት አገር በምረቃ ላይ ስም መጥራት አንድን ሰው ማክበር ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አገር ግን ሦስት ትውልድን በአንድ ትንፋሽ ማክበር ነው። እንዲህ ያለ የስም ሥርዓት ያለን ሰዎች ስም የማይጠራበት ምረቃ ማዘጋጀታችን ያሳዝነኛል።

ተቋሙ ደግሞ ተማሪውን በስም ማወቅ አያቅተውም። የመኝታ ክፍል ሲመድብ፣ የምግብ ካርድ ሲያድል፣ ፈተና ሲያስፈርም በስም ነው። በተለምዶ ኮስት ሼሪንግ የሚባለውን የወጪ መጋራት ውል ሲያስፈርመውም ስሙን እስከ አያቱ አስጽፎ ነው፤ ተመራቂው ሥራ ይዞ ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ያ ስም ከመዝገቡ አይጠፋም። ለዕዳው በስም የሚያውቀው ተቋም ለክብሩም በስም ሊያውቀው ይገባል።

ወደ ምረቃው የሚመጣው ቤተሰብ ማን እንደሆነ በቅርበት ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ትንሽ አድርጎ አይመለከተውም። አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚማርበትን ቦታ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር በመሆኑ የወሎው ልጅ ጅግጅጋ፣ የአርሲዋ ልጅ ጎንደር፣ የጋሞው ልጅ ሰመራ ሊማር ይችላል። በዚህ የተነሣ ብዙ ወላጆች ልጃቸው ዓመታት ያሳለፈበትን ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት በምረቃው ዕለት ነው። ዶርሙን፣ ላይብረሪውን፣ ልጃቸው በስልክ «ካፌ በላሁ» ስትላቸው የኖረችውን የምግብ አዳራሽ ማየት ይፈልጋሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጃቸውን ያስተማሩት ግቢውን ሳያዩ፣ አምነው ብቻ ነው።

የመጡበትም መንገድ ቀላል አይደለም። ሌሊት ከመናኸሪያ ተነሥተው አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን የተጓዙ አሉ። ምረቃ በሚሆንባቸው ቀናት ዩኒቨርሲቲ ባለባቸው ከተሞች የአልጋ ዋጋ ይወደዳል፤ አልጋ ያጣ ቤተሰብ በዘመድ ዘመድ ቤት ወለል ላይ ያድራል፤ ተማሪዎች አባቶቻቸውን ከጓደኛ ጋር ተነጋግረው ዶርም ያሳድራሉ። ለመንገዱ በግ ተሽጧል፣ እህል ተሽጧል፣ ዕቁብ ቀድሞ ተወስዷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአገሪቱ ብዙ አካባቢዎች መንገዱ ራሱ አስፈሪ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች የማያስታውስ ወላጅ የለም። ከዚያ በኋላ ልጁን «አትምጣ፣ እኛም አንመጣም፣ ፎቶውን ላክልን» ያለ አባት አለ፤ እንዲህ ያለውን ቃል መናገር ለእርሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አልፎ በር ላይ የደረሰ ቤተሰብ ምን ይገጥመዋል? ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት ዘመዴ ምረቃ ላይ ስገኝ ያየሁትን ልናገር፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ለነገሩ አያስፈልግም፣ በሌሎችም ቦታዎች ተመሳሳዩ ይሆናልና። ለአንድ ተመራቂ የተሰጠው የጥሪ ካርድ ሁለት ብቻ ነበር። በሩ ላይ ከእኛ ፊት የቆሙት አባት፣ እናት፣ አያትና ታላቅ ወንድም ነበሩ። ወንድምየው ግንበኛ ነው፤ እጁ ላይ ያለው የሲሚንቶ ስንጥቅ በበዓል ልብሱ ሥር ይታያል፤ የታናሽ እህቱን የኪስ ገንዘብ ሲልክ የኖረው እርሱ እንደሆነ አባትየው ለፈታሹ ደጋግመው ነገሩት። ፈታሹም ወጣት ነው፤ ክፉ አልነበረም፤ ግን ከላይ የተሰጠው ትእዛዝ ሁለት ሰው ይላል። በመጨረሻ አያትና ወንድም ከአጥሩ ውጪ ቀሩ።

እናትየው በነጠላ የጠቀለሉት ድፎ ዳቦ ይዘው ነበር። ፈታሹ ዳቦው እንዲቆረስ ጠየቀ። «ሳይባረክ እንዴት ይቆረሳል ልጄ?» አሉት። «እማማ፣ ትእዛዝ ነው» አለ፤ ፊቱ ላይ ሐፍረት ይነበብ ነበር። አንዲት ሴት ፈታሽ መጥታ ዳቦውን በእጇ ዳብሳ፣ አሽትታ፣ «ይግቡ እናቴ» እስክትላቸው ድረስ ነገሩ አላለቀም። ያቺ ሴት ያደረገችውን ማንም መመሪያ አላዘዛትም። ፍተሻ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ሰው የበዛበትን ቦታ መጠበቅ ግዴታ ነው። ነገር ግን ለምረቃ ቤተሰብ ዳቦ ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም እያወቀ፣ ዳቦ እንዴት እንደሚፈተሽ አስቀድሞ ያላሰበ አዘጋጅ እንግዳ ለመቀበል ተዘጋጅቷል ማለት አይቻልም።

ከውስጥም ድንኳኑ የተተከለው ለክብር እንግዶች ነው፤ ወላጆች ሜዳው ላይ ናቸው። የሐምሌ ዝናብ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ መጣም። ጃንጥላ የያዘ ዘረጋ፣ ከኋላ የተቀመጠው ማየት ተሳነው፤ ፕላስቲክ ሻጮች አጥሩን ዞረው እስኪመጡ ድረስ አረጋውያን ረጠቡ። መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ የሚጠቁም አንድም ጽሑፍ አልነበረም። በስኳር ሕመም የሚሠቃዩ አዛውንት በዚያ ሁኔታ አምስት ሰዓት መቀመጥ አይችሉም፤ ብዙዎቹ ልጃቸው ጋዋን ለብሶ ከማየታቸው በፊት ደክመው ወደ አጥሩ ጥላ ሄዱ።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ እንዳልነበረ ታሪካችን ይነግረናል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ተቋሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት፤ ቻንስለሩም ራሳቸው ስለነበሩ ዲግሪውን በእጃቸው ይሰጡ ነበር። የዚያ ዘመን ተመራቂ ስሙ ተጠርቶ፣ ሄዶ፣ እጅ ነሥቶ ይቀበላል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ በአንድ ጠዋት በሺዎች ያስመርቃሉ። ትምህርት ለብዙኃን መዳረሱ ትልቅ ድል ነው፤ ጥቂቶች ብቻ የሚማሩበት ዘመን እንዲመለስ የሚመኝ የለም። ቁጥሩ ሲያድግ ግን በዓሉን ከአንዱ አዳራሽ ወደ ትልቅ ሜዳ ከማዛወር በቀር ስለ አሠራሩ ያሰበበት ያለ አይመስልም።

«ሦስት ሺህ ስም መቼ ተጠርቶ ያልቃል?» የሚል መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። እንቁጠረው። አንድን ስም እስከ አያት አጥርቶ ለማንበብና ተመራቂው መድረኩን እንዲያልፍ 5 ሰከንድ ብንሰጥ፣ 3,000 ስም 15,000 ሰከንድ ይፈጃል፤ ይኸውም 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። በአንድ መድረክ ይህ በእርግጥ አይቻልም። ነገር ግን 400 ተመራቂ ያለው አንድ ኮሌጅ ለብቻው ቢያደርገው 33 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ጠዋት ሁሉም በአንድነት ተሰብስበው ፕሬዚዳንቱ ዲግሪውን የሚሰጡበት አጭር ሥነ ሥርዓት ይደረግና፣ ከሰዓት በኋላ ወይም በማግሥቱ እያንዳንዱ ኮሌጅ በራሱ አዳራሽ ወይም በራሱ ግቢ ተመራቂዎቹን አንድ በአንድ ይጥራ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሰፋፊ ግቢ፣ ብዙዎቹም ከአንድ በላይ ካምፓስ ያላቸው በመሆናቸው ቦታ አይጠብባቸውም። መምህራኑም ተማሪውን በመልክ ስለሚያውቁት የሚጨብጡት የሚያውቁትን ልጅ እጅ ይሆናል።

ይህ አሠራር በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ የሚያዩት ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በግንቦት ወር ከሚመረቁት መካከል የኢትዮጵያውያን ልጆች ብዙ ናቸው። በአሜሪካ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉን የሚያሰባስብ አንድ ጠቅላላ በዓል ይደረግና ከዚያ እያንዳንዱ ኮሌጅ ወይም ትምህርት ክፍል በራሱ መድረክ ስም ይጠራል። ተመራቂዎች ስማቸው እንዴት እንደሚነበብ አስቀድመው በካርድ ላይ ይጽፋሉ። ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ወይም ፓርኪንግ ሲጠብቅ ኖሮ ልጁን ያስተማረ አባት ስሙ በባዕድ አንደበት ትንሽ ተሰብሮም ቢሆን ሲጠራ ይሰማል፤ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱት እናትና አክስቶች እልልታቸውን ያቀልጡታል፤ የማያውቃቸው ሕዝብ ዞሮ ያያቸዋል፣ ይስቅላቸዋል፣ ያጨበጭብላቸዋል። ስማችንን በትክክል መጥራት የሚያቅተው አገር ሲጠራው፣ ስሙን አጥርቶ የሚያነብበው የራሳችን አገር የማይጠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ባሕር ማዶ ካነሣሁ ሌላም ቤተሰብ አለ። በቤሩት፣ በጂዳ፣ በሪያድና በዱባይ በሰው ቤት ሠርተው ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ እኅቶች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። የምረቃው ጋዋን፣ የሱፍ ልብሱ፣ የድግሱ በግ፣ ከዚያ በፊትም የደብተሩና የላፕቶፑ ዋጋ ከእነርሱ ደመወዝ የወጣ ነው። በምረቃው ዕለት ግን አይገኙም። አሠሪያቸው ስልክ ከፈቀደች በቪዲዮ ጥሪ ይመለከታሉ፤ ታናሽ ወንድማቸው ስልኩን ወደ መድረኩ አቅንቶ ይዞ ይቆማል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ እንደገና ይደወላል። ባየሁት ምረቃ ላይ ከአጠገቤ የነበረ ልጅ እንዲህ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ከስልኩ ውስጥ የወጥ ቤት ልብስ የለበሰች ሴት «የቱ ነው? የቱ ነው?» ትላለች። እርሱም አያውቅም ነበር፤ «እዚያ ጥቁር ከለበሱት ውስጥ ነው» አላት። ስም ቢጠራ ኖሮ የቱ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ምረቃውን በፌስቡክና በዩቲዩብ በቀጥታ ማስተላለፍ መጀመራቸው ለእነዚህ እኅቶች ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የካሜራው ዓይን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በመድረኩና በንግግር አድራጊው ላይ ነው። ካሜራው ወደ ተመራቂዎቹ ይዙር፤ የየኮሌጁም መርሐ ግብር በየሰዓቱ ለየብቻ ይተላለፍ፤ ቅጂውም ይቀመጥ፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ማየት የምትችለው ሌሊት ሥራዋን ስትጨርስ ነውና።

ንግግሩን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ስለ ሕንጻዎቹና ስለ ፕሮግራሞቹ ብዛት የሚያቀርቡት ሪፖርት፣ የክብር እንግዳውም ስለ መንግሥት ዕቅድ የሚያደርጉት ገለጻ ሌላ ቦታ አለው። ከዚህ ይልቅ የምናገረው ስለ ቋንቋው ነው። በብዙ ቦታ ዲግሪው የሚሰጥበት ዋናው ቃል በእንግሊዝኛ ይነበባል። ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከሲዳማ፣ ከኦሮሚያ ገጠር የመጣ ወላጅ ደግሞ አማርኛውም ላይገባው ይችላል። ልጁ ዲግሪ የተቀበለበት ዓረፍተ ነገር የትኛው እንደሆነ ከሰው ጭብጨባ ብቻ የሚረዳ አባት ሥነ ሥርዓቱ ለእርሱ አልተዘጋጀም። ያን አንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛን ጨምሮ ቢያንስ በሦስትና በአራት የአገር ቋንቋዎች ማንበብ ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የአገር ሽማግሌዎች ወይም አባ ገዳዎች በዓሉን በምርቃት ሲከፍቱ ሜዳው ላይ ያለው ሕዝብ እንዴት እንደሚነቃ፣ «አሜን» የሚለው ድምፅ እንዴት እንደሚያስተጋባ ያየ ሰው ወላጆች ከበዓሉ ምን እንደሚጠብቁ ያውቃል።

የጊዜው ጉዳይም አለ። በ2015 ዓ.ም. ዲግሪ ለማግኘት መታለፍ ያለበት የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከ150 ሺህ በላይ ተፈታኞች ያለፉት 61 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ከመንግሥት ተቋማት ከመቶ 62 ገደማ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ ከመቶ 17 ገደማ ማለት ነው። የፈተናውን አስፈላጊነት እደግፋለሁ፤ ሐኪሙም መሐንዲሱም የሚገባውን ማወቁ ሊረጋገጥ ይገባል። ሆኖም ውጤቱ ከምረቃው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ሲወጣ በየቤቱ የሆነውን ማሰብ ያስፈልጋል። ጠላው ተጠምቋል፣ ዘመድ ተጠርቷል፣ ባነሩ ላይ የልጁ ፎቶ «እንኳን ደስ አለህ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ታትሟል፣ አያትየው ከገጠር ተነሥተዋል። ያላለፈው ልጅ ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ሌሊት ምን ብሎ ይመልሳል? በፈተናው ውጤትና በምረቃው መካከል ቢያንስ ሦስትና አራት ሳምንት መኖር አለበት። ቤተሰብ ሳይደግስ ይወቅ፤ ልጁም በድጋሚ ለመፈተን የሚዘጋጀው በእንግዳ ፊት ሳይሸማቀቅ ይሁን።

ድግሱን ራሱን የሚነቅፉ አሉ። ሥራ ላላገኘ ተመራቂ በግ ማረድ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ የልጁ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ማሳተም፣ አዳራሽ መከራየት ብክነት ነው ይላሉ። ከአቅም በላይ ተበድሮ መደገስ ጉዳት እንዳለው እስማማለሁ፤ ጎረቤት ስለደገሰ ብቻ የሚደገስ ድግስ ልጁ ላይ ዕዳ ይጭናል። ነገር ግን ድግሱ ከየት እንደመጣ መረዳት ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ ስሙ ያልተጠራለትን ልጅ ቤተሰቡ በቤቱ ይጠራዋል። ጋዋኑን እንደለበሰ ይገባል፣ የአባቱንና የእናቱን ጉልበት ይስማል፣ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ሽማግሌው በስሙ እየጠሩ ይመርቁታል፣ የእድሩ ሰው ሁሉ ይሰማል። ዩኒቨርሲቲው ያላደረገውን ሥርዓት ቤቱ አሟልቶ ያደርገዋል። እውነተኛው ምረቃ ይህ ነው የሚሉ ወላጆች አጋጥመውኛል፤ እኔም ልቃወማቸው አልቻልኩም።

እንግዳውም የራሱ ድርሻ እንዳለው ሳልናገር ባልፍ ፍትሐዊ አይሆንም። የራሳችን ልጅ ኮሌጅ ሲጠራ ወንበር ላይ ቆመን ከኋላ ያሉትን አያቶች እንከልላለን፤ ፎቶ ለማንሣት አስተናባሪዎችን ገፍተን መስመሩን እንጥሳለን፤ የእኛው ተራ ካለፈ በኋላ ደግሞ የሌላው ሰው ልጅ ገና ሳይጠራ ሜዳውን ጥለን እንወጣለን። ስም መጥራት ከተጀመረ ይህ ልማድ ይበልጥ ይጎዳል፤ በፊደል ተራ መጨረሻ ላይ ያለው ልጅ በባዶ ወንበሮች ፊት መድረኩን ሊያልፍ ነው። እስከ መጨረሻው ስም መቀመጥ ከእንግዳ የሚጠበቅ ጨዋነት ነው፤ አዘጋጆቹም ይህን በጥሪ ካርዱ ላይ ጽፈው ቢጠይቁ ሰው ይሰማል ብዬ አምናለሁ።

ማንም ያልመጣላቸው ተመራቂዎችም አሉ። በዓሉ አልቆ ሁሉም እቅፍ አበባ ይዞ ከቤተሰቡ ጋር ፎቶ ሲነሣ እነርሱ በዛፍ ሥር ስልካቸውን ይዘው ይቆማሉ። አንዳንዱ ወላጅ የለውም፤ የአንዳንዱ ወላጅ መንገድ ተዘግቶበታል፤ የአንዳንዱ ደግሞ የትራንስፖርት ገንዘብ አልተገኘም። በዚያው በዘመዴ ምረቃ ላይ ቅድም በር ላይ ያየናቸው ባለ ዳቦዋ እናት አንዱን እንዲህ ቆሞ ያዩትን ልጅ እጁን ይዘው ወደ ልጃቸው አጠገብ አምጥተው «ና፣ አንተም የእኔ ልጅ ነህ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብለው አብሯቸው ፎቶ አስነሡት፤ ከዳቦውም ቆርሰው ሰጡት። ይህን ደግነት ከአንዲት እናት ልብ ብቻ መጠበቅ የለብንም። የተማሪዎች ኅብረትና የዩኒቨርሲቲው ከተማ ነዋሪዎች ቤተሰብ የማይመጣላቸውን ተመራቂዎች አስቀድመው መዝግበው ለእያንዳንዳቸው ከከተማው አንድ ቤተሰብ ቢያገናኙ ማንም ብቻውን አይቆምም። እንግዳ መቀበል ለማያስቸግረው የከተማ ሕዝብ ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አዲስ በጀትም አዲስ ሕግም አያስፈልግም። በየዩኒቨርሲቲው ከምረቃው ወራት ቀደም ብሎ የሚቋቋም የምረቃ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ አለ። የጋዋኑን ኪራይ፣ የመጽሔቱን ኅትመት፣ የድምፅ ማጉያውን፣ የክብር እንግዳውን የሚወስነው እርሱ ነው። በዚህ ኮሚቴ ውስጥ ከከተማው ሁለት ወላጆች ይቀመጡ፤ የጥሪ ካርዱ ለአንድ ተመራቂ ቢያንስ አራት ይሁን፤ የመጀመሪያው ድንኳን ለአረጋውያን ይተከል፤ የየኮሌጁ የስም አጠራር ሰዓት በካርዱ ላይ ይታተም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስማችን እስከ አያት ሲጠራ የሚሰማው የአባት ወገን ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ወር የተሸከመችው፣ ጠላ ሸጣ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ሰው ቤት ልብስ አጥባ ያስተማረችው እናት በዚያ ስም ውስጥ የለችም። ብዙ ልጆች ያለ አባት በእናት ብቻ ያደጉ በመሆናቸው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ አሜሪካኖቹ ተመራቂው ስሙን አስቀድሞ በካርድ ላይ ይጻፍ፤ በዚያ ካርድ ላይም አንድ ተጨማሪ መስመር ይኑር፤ ያሳደገው ሰው ስም፣ እናቱም ትሁን አያቱ ወይም ታላቅ እኅቱ፣ በዚያ ይጻፍ፤ አንባቢውም የተመራቂውን ስም ካነበበ በኋላ ያንን ስም ያንብብ። ለአንድ ሰው 2 ሰከንድ ቢወስድ 400 ተመራቂ ባለው ኮሌጅ ላይ የሚጨምረው 13 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ ደግሞ ከክብር እንግዳው ንግግር ላይ መቀነስ ይቻላል።